ዳባት ላይ የቆመችው ቀይ መኪና

ዳባት መግቢያ ላይ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተንገጫገጨና ጠፋ። ዙፋን መኪናዋን ወደ መንገዱ ዳር አስጠግታ ከጎኗ የተቀመጡትን አባቷን አየች። አቶ አለምነህ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጎንደር የኩላሊት እጥበት አድርገው እየተመለሱ ነው፤ ደባርቅ ቤታቸው ለመድረስ ገና ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል።

«ምን ሆነች?» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ቤንዚን ጨርሳለች፣ አባባ።»

«ትናንት አይደል እንዴ የቀዳሽው?»

አዎ፣ ትናንት ነበር። በዚያ ሰሞን ማደያው ለአንድ መኪና ከሃያ ሊትር በላይ አይቀዳም፤ እሱም ግማሽ ቀን ተሰልፎ ነው። ይህችን ቀይ መኪና የገዛችው ከአራት ወር በፊት፣ አባቷን በሚኒባስ ማመላለስ ሲከብዳት ነበር። መኪናዋ ትንሽ ናት፤ ሞተሯ ግን ጉልበተኛ፣ ሲነዷት የምትበር። የሸጠላት ሰው «በሃያ ሊትር ጎንደር ደርሳ ትመለሳለች» ብሏት ነበር። አንድም ቀን አልተመለሰችም። እስካሁን ዙፋን ጎንደር ላይ እየጨመረች ትመጣ ነበር፤ ዛሬ ግን ጎንደርም ቤንዚን ጠፋ።

ከመንገዱ ማዶ ካለችው ጋራዥ አንድ ወጣት እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። የሺዋስ ይባላል። ጋቢ የተከናነቡትን ሰውዬ ሲያይ ጥያቄ አላበዛም። ተመልሶ አምስት ሊትር ቤንዚን በጀሪካን አመጣ።

«ይህ ደባርቅ ያደርሳችኋል» አላት። «ግን ይህን ያህል መጠጣት የለባትም። ቅዳሜ አምጪያት።»

ቅዳሜ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ፈታ። አራቱም እንደ ከሰል ጠቁረዋል።

«ቤንዚኑ ሳይቃጠል ነው የሚወጣው» አለ፤ ቀየራቸው፤ የአየር ፊልትሮውንም አጸዳ። «ጎንደር ደርሰሽ በመጣሽ ቁጥር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደች ደውለሽ ንገሪኝ።»

ማክሰኞና ዓርብ ማታ ትደውልለት ጀመር። መጀመሪያ ቁጥሩን ነግራው ትዘጋ ነበር። በኋላ እሱ ስለ አባቷ መጠየቅ፣ እሷም ስለምታስተምራቸው ልጆች ማውራት አመጡ። ቁጥሩ ግን አልተሻሻለም። ማታ ማታ አልጋዋ ላይ ሆና የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቷን ይዛ ሰው የሌለበት ሜዳ ላይ ብትቆምስ?

አንድ ሐሙስ መኪናዋን ለፍተሻ ትታለት ሄደች፤ ዓርብ አባቷን በሚኒባስ ወሰደቻቸው። ቅዳሜ ስትመጣ መጀመሪያ ያየችው የነዳጁን ቀስት ነው።

«ስተዋት ግማሽ ነበር፤ አሁን ሩብ ሆኗል» አለች። «ማክሰኞ አባቴን መውሰድ አለብኝ። ቤንዚኑ የት ሄደ?»

የሺዋስ በእጁ የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቶ ጀሪካን ይዞ ወጣ፤ የጎደለውን ሁሉ ቀዳላት፤ ቁልፉን ኮፈኑ ላይ አስቀምጦ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሁለት ሳምንት አልደወለችም። እሱም አልደወለም።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ፣ ወደ ጎንደር ሲወርዱ ወገራ ላይ ብርዱ ጠንቶ አባቷ ተንቀጠቀጡ። ዙፋን ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ነበር።

«ከተነሣን ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኖናል» አሉ አቶ አለምነህ። «ሞተሩ እስካሁን አልሞቀም?»

የሙቀቱን ቀስት አየች። ከታች አልተነቃነቀም። ሁልጊዜ እዚያው ነበር፤ እሷ መኪናዬ አትግልም እያለች ስትደሰት ኖራለች።

ስትመለስ ዳባት ላይ ቆመች። አባቷን መኪናው ውስጥ ትታ ወደ ጋራዡ ገባችና ያየችውን ነገረችው።

«አውቃለሁ» አለ የሺዋስ። «ያኔ ትተሽልኝ ስትሄጂ፣ ዓርብ ቀኑን ሙሉ ሞተሩን ሳላጠፋ አቆየሁት። ይሞቃል ብዬ ስጠብቅ አልሞቀም። ቤንዚኑ የሄደው እዚያ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሌባ ነህ ላለኝ ሰው ምን ልንገር? ሰበብ ይመስልሻል ብዬ ነው።»

«ሌባ አላልኩህም።»

«በአፍሽ አላልሽም።»

ዙፋን አንገቷን ደፋች። «ፈርቼ ነው» አለች። «አባቴን ይዤ መንገድ ላይ መቅረት ነው የሚያስፈራኝ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

የሺዋስ መፍቻውን አነሣና ወደ መኪናዋ ሄደ። ከሞተሩ ላይ አንድ ቧንቧ ፈትቶ ውስጡን አሳያት። ባዶ ነው።

«እዚህ ጋ ቴርሞስታት ነበር። ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃውን ይዞ የሚያቆይ ትንሽ ክዳን ነው። መኪናዋ ቆላ ስትሠራ ኖራ ይሆናል፣ እንዳትግል ብለው አውጥተው ጥለውታል። እዚህ ብርድ ላይ ሞተሩ አይሞቅም፤ የመኪናዋ ኮምፒውተር ደግሞ አሁን የተነሣች እየመሰለው ቤንዚን ያበዛል።»

በማግስቱ ራሱ ጎንደር ወርዶ ቴርሞስታት ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር ዋለ። ሐሙስ ዙፋን መኪናዋን ይዛ ስትመጣ ገጠመውና ሊሞክሯት አብረው ወደ ደባርቅ አቅጣጫ ነዱ። ሁለቱም የሙቀቱን ቀስት ብቻ ያያሉ። ቀስቱ ተነቃነቀ፤ ቀስ እያለ ወጣ፤ መሐል ላይ ሲደርስ ቆመ። የሺዋስ የማሞቂያውን አየር ለመሞከር እጁን ሲዘረጋ የዙፋን እጅ ቀድሞ እዚያ ነበር። አየሩ ይሞቃል። ማንም እጁን አልሰበሰበም።

ዓርብ ከጎንደር ሲመለሱ ዳባት የደረሱት ከሃያው ሊትር አምስቱ ሳይነካ ነው።

«ዛሬ እዚህ የሚያቆመን ነገር የለም» አሉ አቶ አለምነህ፣ ልጃቸውን በጎን እያዩ።

«የለም፣ አባባ» አለችና ፍሬቻ አብርታ ወደ ጋራዡ ታጠፈች።

የሺዋስ ደንግጦ ወጣ። «ቆመች?»

«አልቆመችም። እኔ ነኝ ያቆምኳት።»

አቶ አለምነህ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። «ና ግባ፣ ልጄ። የማን ልጅ እንደሆንክ መንገድ ላይ ትነግረኛለህ።»

ከኋላ ገባ። አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያለ ቆጠረ፤ አቶ አለምነህም በየመሐሉ እያስቆሙ የየአገሩን ስም ጠየቁት። ዙፋን መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ አንድ የጋራ ስም እንዳይነሣ እየፈራች አዳመጠች። ሰባት ቤት ቆጥረው ሲጨርሱ ደባርቅ ገብተዋል። ዝምድና አልተገኘም።