ቧንቧውን ያስከፈተችው እህት

ስልኳ ከደብተሯ ስር ሲጮህ ሚጣ ክው አለች። ገንዘብ ገብቶላታል። ለእናቷ ሳይሆን ለእሷ፣ በራሷ ስልክ! ወዲያው ባሕር ማዶ በሆቴል ልብስ አጣቢነት ከምትሠራው እህቷ ሌላ መልእክት ተከተለ።

«ለትምህርት ቤቱ ጉዞ ነው። ለእማዬ እንዳትነግሪያት። የዚህ ወር ደሞዝ ዘግይቶብኛል፤ ይቺ ለክፉ ቀን ያስቀመጥኳት ናት። እኔ ስማር አውቶቡሱ ጥሎኝ ሲሄድ ጀሪካን ይዤ ወረፋ ላይ ነበርኩ። አንቺ እንዳትቀሪ።»

ሚጣ በደስታ ልትጮህ ምንም አልቀራት። ወደ ሐይቁ የሚደረገው ጉዞ ምዝገባ ነገ ያበቃል። ከክፍሏ ልጆች ሐይቁን በዓይኗ አይታ የማታውቀው እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

«ምንድን ነው የጮኸው?» አለች እናቷ።

«ምንም። የክፍል ልጆች ናቸው፣ ሲቀልዱ ነው።»

እናቷ የራሷን ስልክ አንስታ አየችና መልሳ አስቀመጠችው። ከትናንት ጀምሮ ከቤት አልወጣችም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው የተሰለፉት የግቢው ባለ አንድ ክፍል ቤቶች የሚጠጡት ከአንድ ቧንቧ ነው፤ ቆጣሪውም አንድ ነው። ነዋሪው ሁሉ የዕለት ጉርሱን በዕለቱ የሚያገኝ ስለሆነ በወሩ መጨረሻ የሚከፍል አይገኝም። ስለዚህ የእህቷ ብር ሲመጣ እናቷ የሁሉንም ትከፍላለች፤ ጎረቤቱ ደግሞ ባለው ይመልሳል፣ አንዱ በከሰል፣ አንዱ በጉልበት። ያን ቀን እናቷ ግቢው ውስጥ ስትንጎራደድ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ትመስላለች። በዚህ ወር ግን «አይዟችሁ፣ ልጄ ትልካለች» ስትል ከርማ፣ ብሩ ሳይመጣ ትናንት ቆጣሪው ታሸገ።

እውነቱን ለመናገር ሚጣ በዚህ አሠራር ትበሽቅ ነበር። እህቴ በለፋችበት የሰው ጀሪካን ለምን ይሞላል ትል ነበር፣ በሆዷ።

በሩ ተንኳኳ። ከሰል ሻጯ ጎረቤታቸው ናት፤ ግማሽ ጆንያ ከሰል አቅፋ ገባች።

«እንኪ፣ የወሩን።»

«ኧረ በናትሽ አታሳፍሪኝ!» አለች እናቷ። «ቧንቧው ተዘግቶ ምን ብዬ ነው የምቀበልሽ?»

«ታዲያ ከሰሉ ምን አጠፋ?»

እናቷ ሳትወድ ሳቀች። ከሰል ሻጯም ጆንያውን ጥግ አስቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ልጅሽ ሰው እንጂ ብረት አይደለችም። አንድ ወር ብትዘገይ ፊታችንን እናዞርባታለን እንዴ? ያኔ ልጄ ተቅማጥ ይዞት ሌት ተቀን ሳጥበው በማን ውሃ ነበር? አልረሳሁትም እኮ።»

ይህን እያሉ ሌላው ጎረቤታቸው፣ ሽማግሌው ዘበኛ፣ ከዋናው መንገድ የቀዱትን ጀሪካን ተሸክመው፣ እያለከለኩ ደረሱ። ወደ ራሳቸው ቤት ሳያልፉ እዚሁ ደጃፍ ላይ አወረዱት።

«ጋሼ፣ ወገብዎን እኮ ያምዎታል!» ብላ ሚጣ ብድግ አለች።

«ወገቤን ተይው፣ እሱ ከድሮም አኩርፎኛል። መጀመሪያ እናንተ ጠጡ። ስንቱን ወር በእናንተ ስንጠጣ ኖረን የለም?»

ሚጣ ጀሪካኑን ተቀብላ ወደ ውስጥ አስገባች። በእህቷ ኮራች፤ በእነዚህ ሰዎችም ኮራች። በራሷ ግን አፈረች። ስልኳን ይዛ ከአልጋው መጋረጃ ጀርባ ገባች። ሐይቁ በዓይኗ መጣ፤ ከአውቶቡሱ መስኮት ሆነው የሚጮሁት ጓደኞቿም መጡባት። ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ወጣችና ስልኩን በእናቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠች።

«እማዬ፣ ልካለች። በእኔ ስልክ ነው የገባው።»

«ባንቺ ስልክ? ለምን?»

«እንጃ፣ ያንቺ እምቢ ብሏት ይሆናል። ለውሃው ይበቃል።»

እናቷ ነጠላዋን አስተካክላ አንገቷን ቀና አደረገች። «አላልኳችሁም?» አለች፣ ወደ ጎረቤቶቿ ዞራ።

በማግስቱ ከሰዓት ቆጣሪው ተከፈተ። ሚጣ ተራዋ ደርሶ ጀሪካኗን ቧንቧው ስር ስታስቀምጥ እህቷ ደወለች።

«እሺ ሚጣዬ፣ ተመዘገብሽ?»

ሚጣ ቧንቧውን ከፈተች። ስልኩን ወደ ቧንቧው አስጠጋችው። ውሃው ጀሪካኑ ውስጥ ሲንዶቀዶቅ፣ ከኋላዋ የተሰለፉት ሴቶች ሲንጫጩ፣ የእናቷም ትእዛዝ ከሁሉም በላይ ሲሰማ፣ እህቷ ያን ሁሉ ባሕር ማዶ ሆና አዳመጠች።

«ስትጨርሺ አጥብቀሽ ዝጊው» አለች በመጨረሻ። «ያንጠባጥባል እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች ሚጣ። ቧንቧውን አጥብቃ ዘጋችና የሞላውን ጀሪካን አንስታ ወደ ሽማግሌው ዘበኛ ቤት አመራች።