ፍሬ ያልያዘችው ተምር

ኡነይሳ ትባላለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤቷ መዲና፣ ከተምሩ እርሻ ዳር ነው። እግሯ ፈጣን፣ ምላሷ ደግሞ ከእግሯ የባሰ ነበር። አትሳቁ! እዚህም እንደሷ ያለ አለ፤ ስም አልጠራም።

ዘመኑ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከመካ ወደ መዲና ከተሰደዱ ብዙም ያልቆየበት ነው። ከመካ የመጡት ሙስሊሞች ቤት ንብረታቸውን ጥለው ባዶ እጃቸውን ነበር የመጡት። የመዲና ሰዎችም ወንድም እህት አድርገው ተቀበሏቸው። የኡነይሳ አባት ሱለይም፣ ሃላ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ከነልጇ አስጠጋ። ልጅቷ ረይጣ ትባላለች።

ሱለይም ሃላን፣ "ከተምሮቼ አንዷን ምረጪና ያንቺ ትሁን" አላት። ሃላ የውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ያለችውን አጭሯን መረጠች፤ ረይጣ መውጣት የምትችለው እሷ ላይ ብቻ ነዋ።

"አባዬ፣ እሷ የኔ ናት!" አለች ኡነይሳ።

"እንግዳ የመረጠውን አይነሱትም፣ ልጄ።"

ኡነይሳ አባቷን እሺ አለች። ሆዷ ግን ቂም ያዘ። መስጊድ ሄዳ ከእናቷ ጎን ትሰግዳለች፤ ሰግዳ ስትወጣ ረይጣን በጎሪጥ ታያለች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይሉ የለ!

የተምር ዛፍ ወንድና ሴት አለው። የወንዴውን አበባ ቆርጣችሁ በሴቴዋ አበባ መሃል ካልሸጎጣችሁ ፍሬ የለም። ያውም አበባው በፈነዳ በጥቂት ቀን ውስጥ ነው። ይህን መዲና ውስጥ የማያውቅ ሕፃን የለም። የመካ ሰው ግን ነጋዴ ነው፤ ተምር መብላት እንጂ ማፍራት ከየት ያውቃል? ስለዚህ ሱለይም፣ "ረይጣን አንቺ አሳዪያት" ብሎ ኡነይሳን አዘዛት።

ረይጣ መጣች። "ምን ላድርግላት?"

"ውሃ አጠጫት። ሌላ ምንም አትፈልግም።"

"ሌሎቹ ላይ ግን ሰው እየወጣ ነው።"

"እነዚያማ አርጅተው ነው። ያንቺ ገና ልጅ ናት።"

"ወላሂ በይ?"

ኡነይሳ ወላሂ አላለችም። "ሂጂ ይልቅ ውሃሽን ቅጂ!" አለቻትና ሮጠች።

ረይጣም በየማለዳው ትቀዳለች፣ ታጠጣለች። አንድ ቀን ኡነይሳ በአጥሩ ጥግ ስታልፍ ሃላ ለልጇ ስትናገር ሰማች።

"ተምራችን ሲደርስ ለእነ ሱለይም እንወስድላቸዋለን። አንድ ቀን እንኳ እኛ እናብላቸው። ሁልጊዜ ተቀባይ መሆን ያንገበግባል፣ ልጄ።"

ኡነይሳ በልቧ፣ ልንገራት ይሆን? አለች። ነገ እነግራታለሁ አለች። ዛሬ ነገ ስትል አበባው ደረቀ።

በጋው ገባ። የሌላው ሰው ዛፍ ዘለላው ከብዶት ጎነበሰ። የረይጣ ዛፍ ግን ጥቃቅን፣ ፍሬ የማይሉት ነገር አወጣችና እሱንም አራገፈችው። ረይጣ ከዛፏ ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች።

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ እማዬ። ያመመኝ ጊዜ ሁለት ቀን ሳላጠጣት ቀርቻለሁ።"

ኡነይሳ ይህን ስትሰማ ወደ አባቷ ሮጣ ሁሉንም ተናዘዘች። አባቷ አልመታትም።

"ለኔ ለምን ትነግሪኛለሽ? ያታለልሽው እኔን ነው?" አላት።

ልጆች፣ ወደነ ሃላ የምትወስደው መንገድ አጭር ናት፤ ግን እንደዚያ ቀን ረዝማባት አታውቅም። ሄዳ ፊታቸው ቆመች።

"እትዬ ሃላ፣ ዛፏ የወንዴ አበባ ይሸጎጥባታል። እያወቅሁ ነው ለረይጣ ያልነገርኳት። ቀንቼ ነው። ይቅር በሉኝ።"

ረይጣ ብድግ አለች። "በየቀኑ ስቀዳ እያየሽኝ?"

"አዎ።"

"ትስቂብኝ ነበር?"

"የመጀመሪያው ቀን ስቄያለሁ" አለች ኡነይሳ። አለቀሰች፤ ግን አልዋሸችም።

ሃላ አቀፈቻት። "አላህ ይቅር ይበልሽ፤ እኔ ይቅር ብያለሁ። ዘንድሮ ግን እጄን አሳጠርሽብኝ" ብላ እሷም አለቀሰች። ረይጣ ግን ፊቷን አዞረች። በጋውን ሙሉ አላናገረቻትም። እኔ አልፈርድባትም፤ እናንተ ብትሆኑስ?

ኡነይሳ ማንም ሳያዛት በየማለዳው ያቺን ዛፍ ታጠጣ ጀመር። ረይጣ እያየች ታልፋለች። ክረምቱ አለፈ፤ አበባው ዳግመኛ ፈነዳ። አንድ ጠዋት ኡነይሳ ስትደርስ ረይጣ የወንዴ አበባ ይዛ ከዛፏ ሥር ቆማለች።

"ውጪና አሳዪኝ" አለቻት። "የምትዪኝን አላምንም፤ የምታደርጊውን ግን አያለሁ።"

ኡነይሳ አበባውን ተቀብላ ወጣች። አንዱን ዘለላ ቀስ ብላ፣ ረይጣ በደንብ እንድታይ አድርጋ ሸጎጠች። ከዚያ ወረደችና የቀሩትን ለረይጣ ተወችላት።

ልጆች፣ ሰው ባለማወቁ አታታልሉት፤ ካጠፋችሁም ይቅርታ የምትጠይቁት የበደላችሁትን ሰው ራሱን ይሁን።