ሻካራ፣ ልሙጥ፣ ሻካራ

መርማሪዋ ስትደርስ ሟቿ ከዶቃ መሥሪያው ክፍል ገና አልተነሣችም። በሥራ ጠረጴዛውና በግድግዳው መሃል በጎኗ ወድቃለች፤ አንድ እጇ ሆዷን እንደጨበጠ ቀርቷል። ስትወድቅ ከገለበጠችው ትሪ የፈሰሱት ዶቃዎች ፀጉሯ ውስጥ ሳይቀር ገብተዋል። ጠረጴዛው ላይ የሻይ ብርጭቆ አለ፤ ከሥሩ አንድ ጉንጭ የማይሞላ ሻይ ቀርቶበታል።

ክፍሉ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። አንድ መስኮት አለው፤ እሱም የሚያየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው። የጋዝ ሲሊንደሩ ጥግ ይዟል። ከሱ በላይ ባለው መደርደሪያ የመስታወት ዘንጎች በቀለም በቀለማቸው ሳይሆን በውፍረታቸው ተሰድረዋል።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለች ዶቃ ሠሪዋ፣ ማንም ሳይጠይቃት። በሩ ላይ ቆማለች። የሟች ታላቅ እህት ናት። መርማሪዋን ለማየት ጭንቅላቷን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አዟዟረችና ፊቷን ስታገኝ ቆመች፤ በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «እትዬ ለምን» ይሏታል። ሰው ሲያለቅስም ሲምልም የምትጠይቀው ያንኑ ስለሆነ ነው። አሁንም ሌላ አላለችም።

«ለምን?»

«ስኳር መስሎኝ መርዝ ጨመርኩላት። ብልቃጦቹ ተምታቱብኝ።»

ባሏ ከኋላዋ ትከሻዋን ይዟል። ጡረታ የወጣ መጽሐፍ ጠራዥ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ። «እሷ ምን አደረገች፤ ዓይኗ ነው እንጂ» አለ። «የማደብዘዣውን ዱቄት ወጥ ቤት ስኳሩ አጠገብ አገኘሁት። አደራዎን፣ አያስጨንቋት።»

ማደብዘዣ የሚሉት የሚያብረቀርቀውን ዶቃ ጤዛ ያረፈበት የሚያስመስል ነጭ ዱቄት ነው። አንድ ማንኪያው ሰው ይገድላል። ቦታው መሥሪያ ክፍሉ፣ ላይኛው መደርደሪያ ነበር። አሁን ወጥ ቤት ከስኳሩ ጎን ተቀምጧል። ብልቃጡ አንገት ላይ ሦስት ዶቃ ያለው ክር ታስሯል፤ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ። መርማሪዋ ክሩን በጣቷ ያዝ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ብልቃጡንም ብርጭቆውንም አሽጋ ላከች።

ዶቃ ሠሪዋን ለብቻዋ ያነጋገረቻት መኝታ ቤት ነው።

«ሻዩን ማን ቀዳ?»

«እኔ። አሥር ሰዓት ላይ ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምቀዳላት። ብርጭቆው ሲሞላ ድምፁ ይቀጥናል፤ በጆሮዬ ነው የምቀዳው። ለእሷ ሦስት ማንኪያ ስኳር፤ እኔና ባለቤቴ ያለ ስኳር ነው የምንጠጣው።»

«ማን ወሰደላት?»

«እሱ። ትኩስ ነገር እንድይዝ አይፈቅድልኝም።»

«ሌላስ ምን አይፈቅድልዎትም?»

ጣቶቿ የአልጋ ልብሱን ጠርዝ ይቆጥራሉ። «ለደኅንነቴ ብሎ ነው። ገበያ ከቀረሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ግቢ ብቻዬን አልወጣም። እሳቱንም የምለኩሰው እህቴ አጠገቤ ስትቀመጥ ነው። የዓይን ግፊት ነው ያሉኝ፤ ከዳር ከዳር እየበላ ወደ መሃል ይመጣል። ቤቱ ጠበበኝ። የጠበበው ዓይኔ ይሁን ግድግዳው፣ መለየት አቃተኝ።»

«ማደብዘዣውን ከሌላው በምን ነበር የሚለዩት?»

«ሦስት ዶቃ አስሬበታለሁ። ሻካራ፣ ልሙጥ፣ ሻካራ። እጄ እንዴት እንዳለፈው አላውቅም። ዓይኔ ሲከዳኝ በጣቴ እተማመን ነበር፤ ይኸው ጣቴም ከዳኝ።»

በዚህ መሃል ባልዬው በሩን አንኳኳ። «ይቅርታ፤ የጠብታዋ ሰዓት ደርሷል» አለ። አገጯን ቀና አድርጎ ከትንሽ ጠርሙስ በሁለቱም ዓይኗ ጠብ ጠብ አደረገላት። እጁ የለመደና ለስላሳ ነበር። እሷ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

እሱ ሲወጣ መርማሪዋ «አያቃጥልም?» አለች።

«ድሮ እንደ በርበሬ ነበር የሚፋጀኝ። አሁን ለመድኩት መሰለኝ።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«እንጃ። ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው።»

ጠራዡ የሚሠራበትን ክፍል ቁልፍ በአንገቱ ያንጠለጥላል። ከፍቶ አስገባት። ሙጫ ሙጫ ይሸታል፤ የተቆረጠ ቆዳ፣ ወረቀት መጭመቂያ፣ ሰም የጠጣ ወፍራም ክር በጥቅልሉ። ማንም እንዲነካካበት እንደማይወድ ነገራት።

«ሟች ጠላት ነበራት?»

«ጠላት እንኳ አልልም። ግን ከጌጥ ሻጯ ጋር ዛሬም ሲጨቃጨቁ ነበር። ሻዩን ይዤ ስገባ ተበሳጭታ ስትወጣ በር ላይ ተላለፍን። ማንንም መጠርጠሬ አይደለም፤ ስለጠየቁኝ ነው።»

«እርስዎስ? ከዋርሳዎ ጋር ይስማሙ ነበር?»

«በአንድ ጣራ ሥር ነው የኖርነው» አለ። ለጥያቄው መልስ እንዳልሆነ ሁለቱም አውቀዋል።

ጌጥ ሻጯን ሱቋ ውስጥ፣ በመስተዋቶች መሃል ተቀምጣ አገኘቻት። አፏ የማያርፍ፣ ደግ ፊት ያላት ሴት ናት። መርማሪዋ ገና ሳትቀመጥ «በእኔ ነው የመጣችሁት?» አለች።

«ለምን ተጣላችሁ?»

«አፌ ነዋ! ለደንበኞች ‹እነዚህን የሠራቻቸው ማየት የተሳናት ሴት ናት› እላቸው ነበር። ሰው ሲያዝን ይገዛል። ሟች ስትሰማ እንደ እሳት ነደደች። ‹እህቴ ዶቃ ትሸጣለች እንጂ ዓይኗን አትሸጥም› አለችኝ። እውነቷን ነው። ዛሬ ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ እንደገና ተጣላን። እሷ እቴ፣ ሻይ እንደ መራራ መድኃኒት በአንድ ትንፋሽ የምትጨልጥ ሰው ናት። ስወጣ ሰውየው ብርጭቆውን ይዞ ገባ፤ ያ ነው የማውቀው።»

«ወጥ ቤት ገብተው ነበር?»

«ከመሥሪያ ክፍሉ በግቢው በር ወደ መንገድ ነው የወጣሁት። በወጥ ቤት ላልፍ ብል እሷ አለች፤ ኮቴዬን ከሩቅ ታውቀዋለች።»

መርማሪዋ ልትነሣ ስትል ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንድ ነገር ብላኝ ነበር። ‹እሑድ እህቴን ከዚያ ቤት ይዣት እወጣለሁ። ለምን እንደሆነ መጀመሪያ ከሱ አፍ ትስማው› አለችኝ። ጥል በጥል ስለነበርን ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኳትም።»

በማግስቱ መርማሪዋ የዓይን ሐኪሙ ዘንድ ተቀመጠች። ከዚያ የምርመራ ክፍሉን ውጤት አነበበች፤ ደጋግማ አነበበችው። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም በዚያው ቤት ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ዶቃ ሠሪዋ ግድግዳ ተደግፋ፣ ባሏ አጠገቧ፣ ጌጥ ሻጯ ከበሩ አጠገብ። ሁለት ፖሊሶች በረንዳው ላይ ቆመዋል።

«ካላስቸገርኳችሁ ቀስ ብዬ ልናገር» አለች መርማሪዋ። «መጀመሪያ ሻዩ። ብርጭቆው ውስጥ መርዝ ተገኝቷል። ስኳርም ተገኝቷል፤ ሦስት ማንኪያ የሚሆን። ብልቃጥ የተምታታበት ሰው በስኳር ፋንታ መርዝ ይጨምራል እንጂ ሁለቱንም አይጨምርም። እርስዎ እንደ ሁልጊዜው ስኳሯን ጨምረው ሰጡ። መርዙ የገባው ከእጅዎ ከወጣ በኋላ ነው።»

ዶቃ ሠሪዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«ሁለተኛ፣ ይቺ ክር።» መርማሪዋ ክሩን ከወረቀት አውጥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት። «ያንብቡልኝ።»

የዶቃ ሠሪዋ አውራ ጣት በዶቃዎቹ ላይ አለፈ፤ ተመለሰ፤ እንደገና አለፈ። «ልሙጥ» አለች፣ «ሻካራ፣ ሻካራ። ይኼ የኔ አይደለም። ዶቃዎቹ የኔ ናቸው፤ ያሰርኩት ግን እንዲህ አልነበረም።»

«ቀለማቸውን ያውቁታል?»

«አላውቀውም። ምን ያደርግልኛል?»

«ሁለት ሰማያዊና አንድ ቀይ ናቸው። እርስዎ ባሰሩት ጊዜ ቀዩ ዳር ላይ ነበር። አሁን መሃል ነው። ብልቃጡን የከፈተው ሰው ሲቸኩል ክሩ ተበጠሰበት። የተበጠሰ ክር ‹ማን ከፈተው› ያሰኛል፤ ስለዚህ ዶቃዎቹን ለቃቅሞ መልሶ ሰካ። ግን ዓይን ያለው ሰው በዓይኑ ነው የሚያስበው። ቀዩን መሃል አደረገው፤ ያምራላ።»

ጌጥ ሻጯ ፊቷ ተለዋወጠ። «እኔም ብሆን ቀዩን መሃል ነው የማደርገው» አለች ሳታስበው፤ ወዲያው ከንፈሯን ነከሰች።

«እርስዎም ያደርጉት ነበር። ክሩ ግን የእርስዎ አይደለም። ዶቃ የሚሰካው በሐር ክር ነው፤ ሟችም እርስዎም ከሐር ሌላ አትይዙም። ይኼ ሰም የጠጣ ወፍራም ክር ነው። መጽሐፍ የሚጠረዝበት። ያለው በአንድ ክፍል ብቻ ነው፤ የዚያም ክፍል ቁልፍ በአንድ ሰው አንገት ላይ ነው ያለው።»

ጠራዡ አልተንቀሳቀሰም። እጁ ብቻ ከሚስቱ ትከሻ ላይ ወረደ።

«እርስዎ ብርጭቆውን ተሸክመው ወጥ ቤቱን ከመሥሪያ ክፍሉ በሚያገናኘው ኮሪደር ብቻዎን አለፉ። ዱቄቱን ጧት ለይተው ይዘውታል። ብልቃጡን ግን ወጥ ቤት ያስቀመጡት ሟች ከወደቀች፣ ሚስትዎም ወደ እህቷ ከሮጠች በኋላ ነው። ለምን የሚለው ነበር የቀረኝ። እሱንም ይቺ ነገረችኝ።» ትንሿን የጠብታ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አቆመች። «የጨው ውሃ ነው። መድኃኒቱ የለበትም። ሟች ባለፈው ሰኞ የመስታወት ብናኝ ዓይኗ ገብቶ ከዚሁ ጠብ አደረገችበት፤ አላቃጠላትም። ገርሟት ሐኪሙ ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ የነገራትን ለእርስዎ ነገረችዎት፤ ለሚስትዎ በአፍዎ እንዲናገሩም እስከ እሑድ ቀን ሰጠችዎት። እርስዎ ሐሙስ ላይ ገደሏት።»

ዶቃ ሠሪዋ ጭንቅላቷን ወዲያ ወዲህ እያዞረች የባሏን ፊት ትፈልጋለች። አላገኘችውም፤ አቀርቅሮ ነበር።

«እውነት ነው?» አለችው።

ሰውየው ቀና ሳይል ተናገረ። «ይህን ቤት ስጠብቅ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ዛሬ ትርዒት፣ ነገ ሥልጠና፤ ሻንጣሽ ተፈትቶ አያውቅም ነበር። የታመምሽ ጊዜ ቤት ዋልሽ። አብረን ምሳ በላን። አንድ ቀን መድኃኒቱ አልቆ ሳልገዛ ቀረሁ፤ ምንም አልሆንሽም። በማግስቱም አልገዛሁም። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልመለስ? እኔ እኮ ምንም አላጎደልኩብሽም። አጉርሼሻለሁ፣ ደግፌሻለሁ…»

«እህቴ ስትሞት እጄን ይዘኸኝ ነበር» አለች ሚስቱ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «‹አንቺ አይደለሽም፣ ዓይንሽ ነው› አልከኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ራሴን ነፍሰ ገዳይ ነሽ እያልኩ ስወቅስ እየሰማህ ዳቦ ቆርሰህ አጎረስከኝ። ልትይዘኝ ፈለግህ። ይኸው ይዘኸኝ ነበር። ደስ አለህ?»

ፖሊሶቹ ገብተው ሲወስዱት ጫማውን ማሰር ረስቶ ነበር፤ ማሰሪያው በወለሉ ላይ ሲጎተት የሚያሰማውን ድምፅ እሷ እስከ በረንዳው ድረስ ተከተለችው።

ከዚያ ወደ መርማሪዋ ዞረች። «መድኃኒቱ ቢቀጥል ኖሮ?»

ዋሽቶ ማጽናናት ለመርማሪዋ ቀላል ነበር። «የሄደው አይመለስም ይላል ሐኪሙ። የቀረውን ግን ማቆየት ይቻላል። ነገ ጧት ይጠብቅዎታል።»

«ነገ ይደርሳል። እህቴ የት ናት?»

«አስከሬን ማቆያ ክፍል። ዛሬ መረከብ ይቻላል።»

ጌጥ ሻጯ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠራርጋ ተነሣች። «ነይ፣ እኔ ልያዝሽ፣ እቴ…»

«አትያዥኝ» አለች ዶቃ ሠሪዋ። «ከኋላዬ ሁኚ።»

ግቢውን በእግሯ ጫፍ እየዳሰሰች አቋረጠችው። አንዴ ከውሃ በርሜሉ ጋር ተጋጨች፤ ቆማ አስታወሰችና መንገዷን አስተካከለች። የውጪው በር ላይ ስትደርስ መዳፏን ቆርቆሮው ላይ ዘርግታ መወርወሪያውን ከላይ ፈለገች፤ የለም። ከሥርም ፈለገች። ባሏ ቀይሮታል፤ የት እንዳደረገው አታውቅም። ጌጥ ሻጯ ልትረዳት አንድ እርምጃ ስትራመድ መርማሪዋ ክንዷን ያዘቻት።

ፀሐይ በጀርባቸው ነበር። ሁለቱ ቆመው ጣቶቿ ቆርቆሮውን ስንዝር በስንዝር ሲሄዱበት ሰሙ። ከዚያ ብረት ተንሸራተተ፤ በሩ ተከፈተ፤ የመንገዱ ጫጫታ ገባ። ሴትዮዋ ደፉን ተሻግራ አንድ ጊዜ ቆመች።

«ወደ ግራ ነው ወይስ ወደ ቀኝ?» አለች።