ብሪና ቀጥ ብላ የቆመች ዕለት

ባታምኑኝ አልቀየማችሁም። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ ስቄ አልፈው ነበር።

ግን ሆኗል። በእኔና በአጎቴ ላይ ሆኗል።

ወሩ ኅዳር ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጣሊያን ውስጥ፣ ከመንደራችን ከቫልሴሬና በላይ፣ ጫካው አልቆ ሜዳው የሚጀምርበት ቦታ።

ስሜ ኒቬስ ነው። የአደን ውሻ አሠለጥናለሁ። ሙያውን ያስተማሩኝ የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ አርሚዶ ናቸው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ አፋቸውን ግን ምንም አያማቸውም።

የዚያን ቀን ይዘን የወጣነው ብሪናን ነው። ገና የአሥራ አንድ ወር ውሻ ናት። አፍንጫዋ ጉድ ነው። ቆቅ ስታሸት እንደ ወጉ ቀጥ ትላለች... አንድ እግሯን አንስታ፣ አንገቷን ወደ ወፉ ዘርግታ።

ችግሩ አትጸናም። ሦስት ሳይቆጠር ዘላ ትገባለች። ቆቁ ይበራል፣ አዳኙ ይሳደባል።

ስለዚህ በረጅም ገመድ ነው የምናሠለጥናት። እሷ ስትቆም እኔ ገመዱን ይዤ «ፌርማ!» እላታለሁ፤ ባለሽበት ቁሚ ማለት ነው። አጎቴ አልፈዋት ሄደው ቆቁን ከሣሩ ውስጥ ያስነሳሉ። ወፉ ዓይኗ እያየ ሲበር እንኳ ንቅንቅ እንዳትል ነው ትምህርቱ።

«እሑድ የአደን ውሾች ፈተና ላይ ከዘለለች» አሉ አጎቴ ዳገቱን እየወጣን፣ «ለቄሱ ነው የምሰጣት። ሶፋ ላይ ትተኛ።»

«ቄሱ እኮ ድመት ነው የሚወዱት።»

«እንግዲያው ድመት ትሁና!»

ሳቅን። በዚያ ቀን የሳቅነው እሱን ብቻ ነው።

ሜዳው ጫፍ ስንደርስ ጭጋጉ ወረደ። ብሪና ቆመች።

«ፌርማ...» አልኳት ቀስ ብዬ።

አንድ። ሁለት። ሦስት።

አልዘለለችም።

አሥር ቆጠርኩ። ሃያ። ገመዱ እጄ ላይ ላላ ብሏል፤ መያዝም አላስፈለገኝም።

«አየሽልኝ?» አሉ አጎቴ ፊታቸው በርቶ። «ገባት!»

አልፈዋት ሄዱ። ሣሩን በእግራቸው ገለጡ። ምንም አልተነሳም። ቁጥቋጦውን በዱላቸው መቱ። ምንም።

ያኔ የብሪናን ጅራት አየሁ...

ቆቅ ስታሸት ጅራቷ እንደ ዱላ ቀጥ ይላል። አሁን ግን ሆዷ ሥር ተሸጉጧል። እግሯ ተነስቷል፣ አንገቷ ተዘርግቷል... መላ ሰውነቷ ግን እየተንቀጠቀጠ ነው።

«አጎቴ።» ለምን እንደማንሾካሾክ አላውቅም። «ይመለሱ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ዝም ብለው ይመለሱ።»

ወደ እኔ መራመድ ጀመሩ። የብሪና አፍንጫም ቀስ... ቀስ... እያለ አብሯቸው ዞረ።

የምታየው ግን እሳቸውን አልነበረም። ከእሳቸው አንድ ክንድ ወደ ኋላ ያለውን ባዶ ቦታ ነው።

እሳቸው ሲቆሙ አፍንጫዋም ይቆማል። ሲራመዱ ይዞራል።

«ከኋላዬ ምን አለ?» አሉ። ፊቴን አይተው ነው።

«ምንም የለም።»

እውነቴን ነበር። ምንም አልነበረም። ግን ጭጋጉ ባረጠበው ሣር ላይ የእሳቸው ዱካ አለ... ከጎኑም ሌላ ዱካ።

ሁለተኛው እያየሁት ነው የረዘመው።

ብሪናን አቅፌ ወደ መኪናው ሮጥኩ። እንደ ግንድ ደርቃለች። አጎቴ በዚያ ጉልበታቸው ከእኔ እኩል ሮጡ።

መንገዱን ሙሉ እኔ እነዳለሁ፣ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠዋል። ብሪና ከኋላ ወለሉ ላይ ሆና፣ አንገቷን ወደ ባዶው ወንበር ዘርግታለች።

ግማሽ መንገድ ላይ አጎቴ እጃቸውን ሰደው የመኪናውን የኋላ ማሳያ መስታወት ወደ ጣሪያው አዞሩት።

«እንዳታዪ» አሉኝ።

ማታ፣ አብረን በምንኖርበት ቤት፣ እራት አልበሉም። ደክሞኛል ብለው ወደ መኝታቸው ገቡ። ብሪና ቤት አልገባም ብላ ግቢው ጥግ ተወሸቀች።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወደ ወጥ ቤት ወረድኩ።

አጎቴ ወለሉ መሀል ቆመዋል። በካልሲ።

አንድ እግራቸውን አንስተዋል። ደረጃ መውጣት የሚያስቸግራቸው ሰው በዚያ በታመመው ጉልበታቸው ቆመዋል። አንገታቸው ተዘርግቷል። ዓይናቸው አይርገበገብም።

የሚያዩት በትከሻዬ አሻግረው ነው።

«አጎቴ?»

«ንቅንቅ እንዳትዪ።»

ንቅንቅ አላልኩም። ምድጃው ላይ የተጣደው ወተት ገንፍሎ ሲፈስ ሰማሁ። ማጅራቴ ላይ የሆነ ነገር መጣና ሄደ፣ መጣና ሄደ። ትንፋሽ እንዳልለው ትንፋሽ ይሞቃል። ይሄ ቀዝቃዛ ነበር።

ከዚያ ዓይናቸው ከትከሻዬ ላይ ተነስቶ ቀስ ብሎ ሄደ። ወደ መስኮቱ... ወደ በሩ...

እግራቸውን አወረዱ። ወንበሩ ላይ ወድቀው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

«ሄደ?» አልኳቸው።

«ወጣ።»

«ምንድን ነው ያዩት?»

«ኒቬስ፣ በእናትሽ... አትጠይቂኝ።»

አልጠየቅኳቸውም። ዛሬም በሕይወት አሉ። በዚያው ሳምንት ውሾቻቸውን ሁሉ ለሰው ሰጥተው ከተማ ልጃቸው ጋ ገቡ። ብሪና እኔ ዘንድ ናት፤ አደን ግን ወስጃት አላውቅም።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ከዚያ በኋላ የሰማሁት ነው።

አየር ልቀበል ብዬ በሩን ከፈትኩ። መንደራችን ቁልቁለት ላይ ነው ያለው። ጠዋት ጠዋት የሁሉም ቤት ውሻ ይጮኻል፤ ያን ጠዋትም እየጮኹ ነበር።

የጎረቤታችን የኤልቪዮ ውሻ ድንገት ዝም አለ።

ቀጥሎ የዳቦ ጋጋሪው።

ቀጥሎ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያሉት ሁለቱ።

አንድ በአንድ... ቤት በቤት... ዝምታው ቁልቁል ወረደ። ወደ ድልድዩ። ልጆቹ ቦርሳቸውን አዝለው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ወደሚጠብቁበት።