ላስቲኩ ይቀድማል

መጀመሪያ ደጅ የሣር ማጨጃው ማስነሻ ገመድ ተሳበ፤ ዝርርር። ሞተሩ ተነሣ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አጓራ፣ ከዚያ ትን እንዳለው ሰው እህ እህ ብሎ ጸጥ አለ። ልጅቷ ወጥ ቤት ሳህን እያጠበች ነበር። እጇ ሳሙናው ውስጥ እንዳለ ቀረ። እንደገና ዝርርር። እንደገና እህ እህ። ጸጥ።

ሳህኑን አስቀመጠች።

ትናንት አባቷ ቤት ሳይኖር የሣር ማጨጃውን ካርቡሬተር፣ ነዳጁን ከአየር የሚቀላቅለውን ክፍል፣ ፈትታ ያጠበችው እሷ ናት። ማንም አላዘዛትም። ውስጡን ማየት አማራት፤ አየችው፣ በቤንዚን አጠበችው፣ መልሳ ገጠመችው። ብሎን አልተረፋትም። ብሎን ካልተረፈ ልክ ነው ብላ ነበር የተኛችው።

ወደ ደጅ ወጣች። አባቷ ማሽኑን አሮጌው ጠረጴዛ ላይ አጋድሞታል፤ ታላቅ ወንድሟ እሳት ጫሪውን ካንዴላ ፈትቶ ወደ ብርሃን አዙሮ ያየዋል። ሁለቱ የሰው ግቢ ሣር በማጨድ ነው ቤቱን የሚያስተዳድሩት። ዛሬ የክሊኒኩ ተራ ነው፤ ዘበኛው ካሁኑ ሁለቴ ደውሏል።

«ካንዴላው ደረቅ ነው፤ ነዳጅ አይደርሰውም» አለ ወንድሟ።

«ባለፈው ወር ዘይት ሳትቀላቅል ቤንዚን ሞልተህ ፒስተኑን አስበላኸው። አሁን ደግሞ ምን አደረግከው?» አለ አባቷ።

«ምንም።»

«የአንተ ምንም ነው እኮ የፈጀን።»

ወንድሟ ወደ ማሽኑ ዞረ። ማጣሪያውን ከታንከሩ ስቦ ነፋበት፤ አየር ያሳልፋል። ቱቦውን አጠፍ ዘርጋ አደረገው፤ አልተሰነጠቀም። ሁሉንም መልሶ ገጥሞ፣ የአየር መዝጊያውን ቾክ ዘግቶ ገመዱን ሳበ፤ ሞተሩ ተነሣ። ቾኩን ሲከፍተው ሞተ። የቀረው ካርቡሬተሩ ነው።

ካርቡሬተሩ ሁለት ፊት አለው። በአንዱ በኩል የወረቀቱ ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ይቀድማል፣ ስሱ ላስቲክ ከላይ ይተኛል። ነዳጅ በሚስበው በኩል ግን ላስቲኩ ነው የሚቀድመው። ይህን የነገራት ራሱ ወንድሟ ነበር፤ «እዚህ ጋ ያልተሳሳተ የለም፣ ኢንጂነሯ» ብሎ እየሳቀ።

በነዳጁ በኩል ያለውን ክዳን ከፈተ። ወረቀቱ ከታች፣ ላስቲኩ ከላይ። ቀና ብሎ እህቱን አያት። ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች።

«ምን አገኘህ?» አለ አባቷ።

«እኔ ነኝ፣ አባዬ። ሳጥበው ገልብጬ ገጥሜዋለሁ። አሁን አስተካክ...» አለ ወንድሟ።

«ተወው። ካቻቪቴውን አስቀምጥ። ከዛሬ ወዲያ ይህን ማሽን እንዳትነካብኝ፤ ሌላ እንጀራ ፈልግ።»

ወንድሟ ካቻቪቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ። የግቢውን በር እንኳ አላጋጨውም፤ ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው። መጋጨቱ ይሻላት ነበር።

ለምን እንደሸፈናት ታውቃለች። መስኮቱ ላይ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ማመልከቻዋ አለ፤ ነፋስ እንዳይወስደው የዘይት ቆርቆሮ ተጭኖበታል። የወላጅ ፊርማ ብቻ ነው የጎደለው፤ ሰኞ መግባት አለበት። ሬዲዮውን ፈትታ ለዘላለም ዝም ካሰኘችው ወዲህ አባቷ «እስከ ሰኞ እጅሽን ሰብስበሽ ከቆየሽ እፈርማለሁ፤ አንዲት ብሎን ብትነኪ ግን እርሺው» ብሏታል።

አባቷ ክዳኑን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ አራቀ። መነጽሩ የለም። ወረቀቱን አነሣ፣ ላስቲኩን አነሣ፣ መልሶ ያንኑ ወረቀት ከታች አደረገው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ፤ የክሊኒኩ ዘበኛ ነው።

«መጣሁ በለው እንግዲህ» አለ ለራሱ።

ልጅቷ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ላስቲኩ ይቀድማል፣ አባዬ። አምጣው።»

ሰጣት። ላስቲኩን በጥፍሯ ጫፍ አንሥታ ብረቱ ላይ አስተኛችው፣ ወረቀቱን በላዩ፣ ክዳኑን በላዩ፤ ብሎኑን አጠበቀች።

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

ወንድሜ ነግሮኝ፤ መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ውሸት እንኳ አይደለም። ማንም አይጠረጥርም፣ ሰኞም ደህና ይገባል። በመልሱ ፋንታ ገመዱን አቀበለችው።

ዝርርር። ሞተሩ ተነሣ፣ ቾኩ ሲከፈትም አልታነቀም፤ ግቢውን ሞላው። አባቷ የሥራ ጓንቱን እያጠለቀ ከነጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈታ አለ፣ ትከሻዋንም መታ መታ አደረጋት። ያ ነው የባሰው። ለተቆጣ አባት መናገር ይቀላታል።

እጇን ዘርግታ ሞተሩን አጠፋችው።

«ምነው?»

«ትናንት የፈታሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ አልነካውም። እኔን ብሎ ነው የዋሸው።»

አባቷ አያት። ከዚያ መስኮቱን አየ፣ ከዚያ የተዘጋውን በር። ስልኩ እንደገና ጮኸ፤ አላነሣውም። የግራ ጓንቱን አወለቀ፣ የቀኙን አወለቀ፤ አንዱን ባንዱ ላይ ደርቦ ማሽኑ ላይ አስቀመጣቸው።

«አባዬ?»

በሩን ከፍቶ ወጣ፤ ወደ ክሊኒኩ በሚወስደው በቀኝ ሳይሆን፣ ወንድሟ በሄደበት በግራ በኩል።