የገበየሁ ዋንጫ

ቢሻው ቅዳሜ ጧት ኮሶ ጠጣ፤ ከቀትር በፊት በሚስቱ በደብሪቱ ክንድ ላይ ሞተ። ዘመኑ ፲፱፻፶፮ ነው። ታናሽ ወንድሙ ክንዴ «መርዝ ጨምራበት ነው!» ብሎ ስለከሰሳት፣ መቶ አለቃ ወርቅአየሁ ወደ ዳንግላ እስር ቤት ሊወስዷት በበቅሎ ቆሰበር ደረሱ። የታዘዙት እንዲወስዷት ብቻ ነበር፤ እሳቸው ግን ሳይጠይቁ ሰው ማሰር የማይሆንላቸው ነገር ጎርጓሪ ነበሩ።

«እንዴት አዘጋጀሽው?»

«እንደ ሁልጊዜው ጌታዬ። ወቅጬ፣ ነፍቼ፣ ዱቄቱን አንድ ዋንጫ ሙሉ ለክቼ በጠበጥሁለት። ከቆላ ወባ ይዞት ስለተመለሰ ይቆይ ብየው ነበር፤ እምቢ አለኝ።»

«ሌላ ሰው ነክቶታል?»

«ከእኔ በቀር ማንም።»

ክንዴ «ሰሙ!» አለ። ሴትዮዋ በገዛ አፏ ራሷን ማሰሯ መቶ አለቃውን አሳዘናቸው።

«ዱቄቱስ ተረፈ?»

«ጎረቤታችን እንየው ወስዶ ያንኑ ጧት ጠጥቷል።»

እንየው ግን ማዶ ያርሳል፤ ደህና ነው።

«የለካሽው በየትኛው ዋንጫ ነው?»

«አብሮ አደጉ ገበየሁ በሠራለት በአዲሱ። ከመጣለት ወዲህ አሮጌውን አልነካም ብሎ ነበር።»

ገበየሁ ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ዓይኑ በልቅሶ አብጧል።

«መጠኑን ከየት ወሰድህ?»

«ከአሮጌው ለክቼ። ከዚያ ክረምቱን ሙሉ ውስጡን በጠርሙስ ስባሪ ፋቅሁት። ፀሐይ ላይ ቢይዙት ብርሃን ያሳልፋል።»

መቶ አለቃው ሁሉንም ሰበሰቡ። ሁለቱን የቀንድ ዋንጫዎች ጎን ለጎን አቆሙ፤ ከውጭ ሲታዩ ቁመታቸውም አፋቸውም እኩል ነው። አዲሱን ውሃ ሞልተው ወደ አሮጌው ገለበጡ። አሮጌው ሞልቶ ፈሰሰ፤ በአዲሱ ውስጥ ግን ገና ግማሽ ያህል ቀርቷል።

«እንየው ከዚያው ዱቄት ጠጥቶ ደህና ነው፤ ስለዚህ መርዝ የለም። ደብሪቱም እንደ ልማዷ አንድ ዋንጫ ነው የለካችው። አሮጌው ወፍራም ነው፤ አዲሱ ግን በጣም ስለሳሳ እጥፍ ይይዛል። ቢሻው በወባ በደከመ ገላው የሁለት ሰው ኮሶ ጠጣ። ገዳይ የለም።»

ክንዴ ወድቆ የደብሪቱን ጉልበት ሳመ። ገበየሁ ግን ሁለት እጁን ለመቶ አለቃው ዘረጋ።

«እኔን ይሰሩኝ ጌታዬ። እኔ ነኝ የገደልሁት።»

«ልጄ፣ አንተን የምከስበት ሕግ የለኝም» አሉ።

ደብሪቱ ተነስታ ከገበየሁ አጠገብ ተቀመጠች።

«ጠጥቶ ሲጨርስ ምን አለኝ መሰለህ? ‹በገበየሁ ዋንጫ ኮሶውም አልመረረኝ› አለኝ።»

ገበየሁ መሬት ላይ ተደፋ፤ ሊያነሳው የደፈረ ሰው አልነበረም።