በመስመር ጫፍ የተሰበረው ቃል

የራግንፍሪ አስከሬን ኖርዌይ ውስጥ ካለው የቮልዳ ፊዮርድ ውሃ የወጣው ረፋድ ላይ ነበር። የተጣመሩ ቃላት መዝገበ ቃላት ስታዘጋጅ ሠላሳ ዓመት የኖረች ሴት ናት። ጠረጴዛዋ ላይ በእጇ በኖርዌይኛ የተጻፈች አንዲት መስመር ተገኘች፤ «ሕይወቴን ጨረስኩ።»

«ራሷን ነው ያጠፋችው። መዝገቡን ዝጊው» አላት መርማሪ ጉንቮርን የፖሊስ አለቃዋ በስልክ።

«አልዘጋም» አለች፤ የዘጋችው ስልኩን ብቻ ነበር።

የሟች ወንድም፣ ዓሣ አጥማጁ አንፊን፣ የእህቱን ቤት በር ይዞ ቆሟል። «ራሷን አጠፋች በሚል ወረቀት ላይ እጄን ብትቆርጡትም አልፈርም!»

«መቼ ነው ያነጋገርካት?»

«ትናንት ጠዋት። ‹ለነገ ትልቅ የክሬም ኬክ እዘዝልኝ› አለችኝ። ‹ልደትሽ በየካቲት አይደል እንዴ? ጃጀሽ መሰለኝ› ብላት፣ ‹ዝም ብለህ እዘዝ፣ አንተ ግትር!› ብላ ሳቀችብኝ።»

አሳታሚዋ ኤልድቢዮርግ አንገቷን ደፋች። «መጽሐፉ ከዘገየ ውሉን አፈርሳለሁ ብያት ነበር። ትናንት ደወለችልኝ፤ አላነሳሁም።»

ሃያ ዓመት የራግንፍሪ ረዳት የነበረው ሲግቢዮርን ግን አላመነታም። «መዝገበ ቃላቱ አላለቀም፤ ከ‹ኤስ› ፊደል አላለፈችም። ትናንት ከሰዓት ስታለቅስ ነው ትቻት የሄድኩት።»

ጉንቮር ወረቀቱን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይዛ ቆየች። ግርጌው በመቀስ ተቆርጧል። ጓዳ ገብታ የራግንፍሪን የድሮ ደብዳቤዎች አገላበጠች፤ ወጥታም ውጪ የቆሙትን መኪኖች አስፈተሸች። ከዚያ ሦስቱንም ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«በኖርዌይኛው የመስመሯ የመጨረሻ ቃል ‹ሊቬት› ነው፤ ሕይወት ማለት። ራግንፍሪ ‹ቲ›ን ስትጽፍ አግድሙን መስመር አናቱ ላይ ታደርገዋለች። እዚህ ግን ወገቡ ላይ ወርዷል። ለምን? መጀመሪያ ‹ቲ› አልነበረማ! መስመር ሲያልቅባት የተጣመረውን ቃል መጋጠሚያው ላይ ከፍላ ያደረገችው ሰረዝ ነው። ሌላ ሰው ቁም መስመር ጨምሮበት ‹ቲ› አደረገው። ከ‹ኢ›ውም ሥር ‹ኤስ› ይታያል፤ ሁለቱን ቃላት የሚያያይዘው ፊደል። የጻፈችው ‹ሊቭስ–› ብላ ነው።»

«ሊቭስቬርኬት!» አለች ኤልድቢዮርግ ብድግ ብላ።

«አዎ። ‹የሕይወቴን ሥራ ጨረስኩ።› ‹ሥራ› የሚለው ከታች ባለው መስመር ላይ ነበር፤ ተቆረጠ። ኬኩም ለዚህ ነው። አላለቀም ያልከኝ አንተ ብቻ ነህ፣ ሲግቢዮርን። ያለቀው መጽሐፍ፣ እስከ መጨረሻው ፊደል፣ መኪናህ ውስጥ ተገኝቷል፤ ሽፋኑ ላይ ያንተን ስም ለጥፈህበታል።»

ሲግቢዮርን አገጩን ቀና አደረገ። «ይገባኛላ! ሃያ ዓመት የቃላቱን ካርድ አንድ በአንድ የጻፍኩት እኔ፣ የምስጋናው ገጽ ላይ በአንድ መስመር ልትሸኘኝ! ከጀልባ ማቆሚያው ላይ ገፋኋት። አልጸጸትም።»

ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። ኤልድቢዮርግ እንባዋን ጠርጋ ወደ አንፊን ዞረች። «በስሟ አሳትመዋለሁ። ያችን የምስጋና መስመር ግን ላውጣት?»

አንፊን ጠረጴዛውን በጡጫው መታ። «ትግባ! እሷ የጻፈችውን ከእንግዲህ ማንም አይቆርጥባትም።»